ቤቱን ማን ይሥራው? የመጀመሪያ ቤት ግንባታን ራስ ስለመምራትና ለተቋራጭ ስለመስጠት

ካርታው ወጥቶ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ማኅተም ካረፈ በኋላ፣ የመጀመሪያ ቤቱን የሚሠራ ሰው ከጎረቤት፣ ከባልደረባና ከአማቶቹ ሁለት ዓይነት ምክር ይቀርብለታል። አንደኛው «ለኮንትራክተር እንዳትሰጥ! ባንተ ብር የራሱን ቤት ነው የሚጨርሰው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ራሴ አሠራለሁ ያሉት ሁሉ፣ ቤቱ ሳያልቅ እነሱ አለቁ» ይላል። ሁለቱም መካሪዎች በስም የሚጠሩት ምሳሌ አላቸው፤ ምሳሌውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የተሳሳተው አጠያየቁ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳም ሆነ በአዳማ፣ ለቤተሰቡ መኖሪያ ቪላ ወይም ባለ አንድ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ እምብዛም አይታይም። የሚበዛው መሐል ላይ ያለው ነው። ሲሚንቶውን፣ ፌሮውንና አሸዋውን ባለቤቱ ይገዛል፤ ግንበኛው በእጅ ዋጋ ይሠራል። ባለቤቱ እንዲህ ሲያደርግ ኮንትራክተር አልቀጠርኩም ብሎ ያስባል። እውነቱን ለመናገር ግን ኮንትራክተሩ ራሱ ሆኗል፤ ፈቃድ፣ ልምድና መሐንዲስ የሌለው ኮንትራክተር። ራስን ኮንትራክተር ማድረግ ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም። ከቤቱ በየትኛው ክፍል ላይ መሆን እንደሚቻል፣ በየትኛው ላይ እንደማይቻል ሳይለዩ መግባት ግን ገንዘብም ቤትም ያሳጣል።

ቤትን ራስ ማሠራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጭቃ ቤት ባለቤት እንጨቱን ራሱ ይገዛል፣ ጭዱንና ጭቃውን ያስቦካል፣ ማገር የሚያስርና ግድግዳ የሚመርግ ጎረቤት በደቦ ይጠራል። አናጢ የሚጠራው ለጣሪያው፣ ለበሩና ለመስኮቱ ነው። ጭቃ ቤት ደግሞ ስሕተት ይችላል። የዘመመው ግድግዳ በባላ ይደገፋል፤ የረገፈው ምርግ በመጪው በጋ እንደገና ይመረጋል። አርማታ እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም፤ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ የጎደለ ፌሮ አይጨመርበትም። ይሁንና የአሠሪነት ልማዳችን ከጭቃው ቤት ወደ አርማታው ቤት ምንም ሳይለወጥ ተሻግሯል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቦታ ማግኘት ራሱ ትልቁ ጉዳይ ስለሆነ፣ የአሠራሩ ነገር ሁለተኛ ሆኖ ቆየ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኮንዶሚኒየም መጣ። ዕጣ የወጣለት ሰው የሚረከበው ሙሉ በሙሉ ያላለቀ ቤት ነበርና ወለሉን ሴራሚክ ያለበሰው፣ የወጥ ቤት ካቢኔ ያሠራው፣ ቀለሙን ያስቀባው ራሱ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው «ቤት አሠርቼ አውቃለሁ» ሲል ማጠናቀቂያ አሠርቻለሁ ማለቱ ነው። መሠረቱን፣ ኮለኑንና ሶሌታውን ሌላ ሰው ጨርሶለት ነበር። ልምዱ አይናቅም፤ ከመሬት በታች ላለው ሥራ ግን ስንቅ አይሆንም። ቦታ አግኝተው ባለ ፎቅ የሚጀምሩ ሰዎች ላይ የማየው ድፍረት ግን በአመዛኙ ከዚሁ ከኮንዶሚኒየም ማጠናቀቂያ የተገኘ ነው።

ሰው ከኮንትራክተር የሚሸሸው ስለማያምነው ነው ይባላል። ከእምነት ማጣቱ የሚከብድ ምክንያት አለ፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይገኝም። የቤት መሥሪያ ብድር የሚያገኘው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ቤቱ የሚቆመው ከደመወዝ በተጠራቀመ፣ ከእቁብ በወጣ፣ መኪና ተሸጦ በተገኘ ወይም ከውጭ በተላከ ገንዘብ ነው። እቁቡ ሲደርስ ሶሌታ ይሞላል፤ ከዚያ ሥራው ለወራት ይቆማል። ኮንትራክተር ይህን ሊሸከም አይችልም። የካዛፎርማ ኪራይ ይከፍላል፣ ፎርማንና ዘበኛ ሳይት ላይ ያስቀምጣል፣ ሠራተኛ ይዟል፤ ሥራው ቢቆምም ወጪው አይቆምም። ገንዘቡ እየተቆራረጠ የሚመጣለት ሰው ሙሉ ኮንትራት ቢፈራረም እንኳ፣ ሥራው መጀመሪያ በቆመበት ቀን ውሉ ይፈርሳል። ስለዚህ «ማን ይሥራው» ከማለት በፊት «እስከ ጣሪያ የሚያደርስ ገንዘብ እጄ ላይ አለ?» ማለት ይቀድማል። ከሌለ ምርጫው ከግማሽ በላይ ተወስኗል።

የዋጋው ነገር ደግሞ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ሲጠፋ መንግሥት ዋጋውንና ሥርጭቱን ለመወሰን ሞክሮ ነበር፤ በወረቀት የተጻፈው ዋጋና ሲሚንቶው በእጅ የሚገኝበት ዋጋ ለየቅል ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ፌሮው፣ የቧንቧው ዕቃ፣ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ወይ ራሳቸው ወይ ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ የፈረመ ኮንትራክተር የቀረለት ወይ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው፣ ወይ ዕቃውን ማሳነስ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ የአገሪቱን ሲሚንቶ የማምረት አቅም በብዙ አሳድጎታል፤ የፌሮውን ዋጋ ግን አይነካውም። እኔ ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ሥራ «ቁርጥ ዋጋ» የሚባለውን አላምንበትም። ዋጋ ሲንር ልዩነቱን ማን ምን ያህል እንደሚሸከም በግልጽ የሚናገር ውል ይሻላል፤ ሲፈረም ያስፈራል እንጂ ሲሠራበት ያቀራርባል።

እንግዲህ ወደ አሠራሮቹ እንምጣ። ሙሉ ኮንትራት፣ የእጅ ዋጋና የቀን ሥራ ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸው ፈተና አላቸው፤ ፈተናውም ከሰው ክፋት ይልቅ ከአከፋፈሉ የሚመጣ ነው። ሙሉ ኮንትራት የያዘ ሰው ሳይጠቀምበት የቀረ ኩንታል ሲሚንቶ ሁሉ ትርፉ ነው፤ ስለዚህ አርማታው እንዲሳሳ፣ ፌሮውን የሚያቅፈው ቀለበት (ስታፋው) እንዲራራቅ ያጓጓዋል። በእጅ ዋጋ የሚሠራ ግንበኛ ዕቃው የሌላ ሰው ነውና ቢባክን አይሰማውም፤ ትርፉ ፍጥነት ነው። 12 ሜትሩን የፌሮ ቤርጋ እንደ ልቡ ይቆርጠዋል፣ ቁርጥራጩ ጥግ ይከመራል፤ የተቦካው ሲሚንቶ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርቃል፤ ብሎኬቱ ሲራገፍ ይሰበራል። አርማታውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ ማጠጣት የሚከፈልበት ሥራ ስላልሆነ ማንም አያጠጣውም። በቀን የሚከፈለው ደግሞ አይቸኩልም፤ ቀኑ ገቢው ነው። አሠሪው እንግዲህ የሚመርጠው ዓይኑን የሚተክልበትን ነው፤ በሙሉ ኮንትራት ዕቃው ላይ፣ በእጅ ዋጋ ብክነቱና ጥራቱ ላይ፣ በቀን ሥራ ሰዓቱ ላይ። ዓይኔን የትም አልተክልም፣ ሥራ ይበዛብኛል የሚል ሰው ከሦስቱ አንዱም አይሆንለትም።

የእጅ ዋጋ የሚወደደው በግዢው ስለሚተረፍበት ነው፤ በእርግጥም ይተረፍበታል። ሕጋዊ ኮንትራክተር በዋጋው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል፤ የቢሮው ወጪና ትርፉም አለ። እዚህ ላይ ግን ስሌቱን ማጋነን ልማድ ሆኗል። ባለቤቱም ሲሚንቶና ፌሮ በደረሰኝ ሲገዛ ታክሱን ይከፍላል። የሚድነው በጉልበቱ ላይ የሚታሰበውና የኮንትራክተሩ ትርፍ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ባለቤቱ ሥራ የቀረባቸው ቀናት፣ የታክሲና የነዳጅ፣ የተሰረቀና የባከነ ዕቃ ይቀነስ። የሚተርፈው ነገር ይኖራል፤ በየቡና ቤቱ የሚወራውን ያህል ግን አይደለም።

ግዢው ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቀን ብቻ እንውሰድ፤ ሶሌታ የሚሞላበትን። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታሰብ 54 ኩንታል፣ ማለትም 108 ከረጢት ይሆናል፤ ያውም ቢሙና ደረጃው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። አሸዋው፣ ጠጠሩና ውኃው በዋዜማው፣ ሚክሰሩና ቫይብሬተሩ ጎሕ ሲቀድ ሳይት ላይ መገኘት አለባቸው። ቫይብሬተሩ መሐል ላይ ቢቃጠል ሁለተኛ ይኑር አይኑር፣ መብራት ቢጠፋ በነዳጅ የሚሠራ ይገኝ አይገኝ፣ ዝናብ ቢመጣ በምን እንደሚሸፈን፣ ይህን ቀድሞ ማሰብ የኮንትራክተር ሥራ ነው። በእጅ ዋጋ ያሠራ ሰው የሚያስብለት የለም። «ጋሼ፣ ሲሚንቶ አልቋል» የሚለው ስልክ ቢሮ ስብሰባ ላይ ቢያገኘው፣ በደረቀውና በአዲሱ አርማታ መሐል የሚቀረው መጋጠሚያ ሲሚንቶ ፍለጋ የጠፋው ሰዓት ውጤት ነው። በዚያ መጋጠሚያ ውኃ ይሰርጋል፤ የሶሌታው አቅምም እዚያ ላይ ይደክማል።

ዕቃውን መፈተሽ ግን ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ባለቤቱ ከብዙ ፎርማን ሊሻል ይችላል፤ ገንዘቡ የእሱ ነዋ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በአንድ ሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ ከ10 ኪሎ ተኩል በትንሹ ይበልጣል። ባለ 10ሩ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 8ቱ 4.7 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ሚዛኑ ከዚህ በጣም ከጎደለ «ባለ 12» ተብሎ የተሸጠው ባለ 12 አይደለም። ለአዲስ አበባ አሸዋ የሚመጣው በአብዛኛው ከሞጆ፣ ከቆቃና ከመቂ አካባቢ ነው። ጥራቱን ለማየት በጠርሙስ አሸዋና ውኃ አድርጎ መበጥበጥና ማሳደር ይበቃል፤ ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ሲኖትራክ ከመገልበጡ በፊት የካሶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር መለካት ሾፌሩን ቅር ሊያሰኘው ይችላል፤ ቅር ይበለው። ስንት ኩብ እንደከፈሉ እንጂ ስንት ኩብ እንደተቀበሉ የማያውቁ አሠሪዎች ብዙ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን በግዢ ብልሃት የሚደረስበት አይደለም። የአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ ቦሌን፣ ሲኤምሲንና ለቡን ጨምሮ፣ ጥቁር አፈር የበዛበት ነው። ይህ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውንም አብሮ ያነሣል፣ አብሮ ያወርዳል። አፈሩ ምን ያህል ተቆፍሮ ይውጣ፣ በገረጋንቲ በስንት ድርብ ተሞልቶ ይደቅደቅ፣ ፉቲንጉ የት ላይ ይረፍ የሚለው ግንበኛ በልምድ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። የጎረቤት ቤት ሁለት ሜትር ስለተቆፈረለት የእኛም ሁለት ሜትር ይበቃዋል ማለት አይቻልም። ሥጋቱም የአፈሩ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሩቅ አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሰውን ሌሊት ከአልጋው አስነሥቷል። መሬት ስትናወጥ ኮለኑን ይዞ የሚያቆየው ስታፋው ነው፤ የስታፋዎቹ መቀራረብና ጫፋቸው ወደ ውስጥ መታጠፉ። ፌራዮው «ይኼ ምን ያደርጋል» ብሎ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቢተወው ከአርማታው በኋላ ማንም አያየውም።

ስለ ውኃም እንዲሁ። አርማታው በባሬላ ሲመላለስ እንዲቀልል ግንበኛው «ውኃ ጨምርበት» ይላል። አርማታው ይፈሳል፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቢያንስ ለ7 ቀን በጆንያ ተሸፍኖ እንዲረጥብ ሲያስፈልግ ውኃው ይጠፋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሮቶ ሳያቆሙ ሶሌታ መሙላት ራስን ማታለል ነው። የሶሌታውን ድጋፍ ባሕር ዛፍ ቶሎ ለማንሣት የሚደረገው ጥድፊያም ከዚሁ ወገን ነው፤ እንጨቱ የኪራይ ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል።

ስለዚህ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ከቁፋሮ እስከ ጣሪያ ያለው፣ አርማታና ፌሮ የገባበት ሥራ ሁሉ፣ ባለቤቱ በልቡ ብቻ የሚመራው አይደለም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ላለው ሰው፣ ስትራክቸሩን ብቻ ለሕጋዊ ተቋራጭ ሰጥቶ ማጠናቀቂያውን ራሱ መያዝ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል። ገንዘቡ ለሚቆራረጥበት ደግሞ የእጅ ዋጋው ይሁን፤ ግን ከግንበኛው ጋር ዝምድናም ጥቅምም የሌለው መሐንዲስ በጉብኝት እየተከፈለው ይምጣ። ጉድጓዱ ሲከፈት፣ የፉቲንጉ ፌሮ ሲታሰር፣ ኮለን ከመሞላቱ በፊት፣ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት፣ ጣሪያ ሲገጠም። እሱ ሳይፈርም ምንም አይሞላ። ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ይህ ክፍያ ትንሽ ነው፤ ሰው ግን በጣም የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ ለሚሰቀለው ጌጥ የማይከራከር ሰው ለመሐንዲስ ጉብኝት ሲከራከር አይተናል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ የሳለውን ያውቀዋልና። ፈቃድ ለማውጣት ብቻ ፊርማውን የሸጠ ከሆነ ግን ሌላ ይፈለግ።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ኮለኖች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠው ምድብ ሀ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሁለት ወለል የሆነው ወደ ምድብ ለ ይሻገር ነበር። አንድ ፎቅ መጨመር «ትንሽ ብሎኬት መጨመር» አለመሆኑን ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ከአፈሩ ጠባይ የተነሣ ለደረሰ ጉዳት ጭምር። ይህን ዘመን በውል ማሳጠር አይቻልም። ብዙ ሰው ይህ ዋስትና እንዳለው ሳያውቅ ነው የሚተወው። ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በእጅ ዋጋ ያሠራ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ «ሲሚንቶህ ነው» «አሠራርህ ነው» በሚል ክርክር ይያዛል፤ አድራሻው በስልክ ቁጥር ብቻ የሚታወቅ ግንበኛ ደግሞ ስልኩን ሲቀይር ዋስትናውም አብሮ ይጠፋል።

ሠራተኛ ሲጎዳስ? የቀን ሠራተኛውን ራሱ የቀጠረ ባለቤት በሕግ ፊት አሠሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ የወደቀ ወጣት ሕክምና፣ ከዚያም የቤተሰቡ ጥያቄ፣ በኮንትራክተር ትርፍ ላይ የዳነውን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ይህን ስሌት ውስጥ የሚያስገባ አሠሪ እስካሁን ብዙ አላየሁም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በሩቅ የሚሠራው ቤት ነው። ዋሺንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው፣ ወይም ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራች የምትልክ እህት፣ ቤቱን የሚሠሩት በወንድም፣ በአጎት ወይም በአብሮ አደግ በኩል ነው። ይህ አሠራር የሁለቱንም መንገድ ጉድለት ይሰበስባል። ወንድም እንደ ኮንትራክተር አያውቅም፣ እንደ ባለቤት አይቆጨውም፣ ደመወዝ አይከፈለውም፣ ቢያጠፋም አይባረርም። ሒሳብ መጠየቅ አለማመን ተደርጎ ይቆጠራል፤ እናት መሐል ትገባለች። ገንዘብ የጠፋበት ሁሉ ሌብነት አይደለም፤ ብዙው ባለማወቅ ባክኖ ያለቀ ነው። እኔ የምመክረው ሥራዎቹን መለያየት ነው። ወንድም ሳይት ላይ ይቁም፣ ለጊዜውም በግልጽ ይከፈለው። ልኬቱን ግን መሐንዲስ ይለካ፤ ክፍያውም ልኬቱ ሲመጣ ከባለቤቱ በቀጥታ ለሻጩና ለግንበኛው ይላክ። የውክልናው ወረቀትም ይታይ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ኤምባሲ ደጃፍ ላይ በተለመደው ናሙና «መሸጥ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉት ቃላት ገብተው እንደሆነ ሳያነቡ የሚፈርሙ ግን ሞልተዋል። ቤት ለማሠራት እነዚያ ቃላት አያስፈልጉም።

ወቅቱን መጠበቅም ያው የአሠሪው ሥራ ነው። ቁፋሮ በጥቅምት ተጀምሮ ጣሪያው ከሰኔ በፊት ቢገጠም ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ የተከፈተ የጥቁር አፈር ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ዳርቻው ይናዳል፤ ከዚያ የሚቀዳው ውኃና የሚወጣው ጭቃ ሁሉ ሁለተኛ ወጪ ነው።

ራሴ ልምራው ለሚል ሰው አንድ መሞከሪያ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፤ ሰርቪስ ቤቱን መጀመሪያ መሥራት። ባለ አንድ ወለል፣ ሁለት ሦስት ክፍል ስለሆነ ስሕተቱ ርካሽ ነው። ግንበኛው ውኃ ልክና ቱንቢ በየስንት ረድፉ እንደሚያነሣ፣ ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ፣ ሰኞ ሰኞ ይመጣ እንደሆነ ይታይበታል። አሠሪውም ራሱን ያያል፤ ደረሰኝ ይይዛል ወይስ ኪሱ ውስጥ ይጨመድዳል፤ የተበላሸ ረድፍ «ይፈርስ» ለማለት ድፍረት አለው ወይስ ይሉኝታ ይዞት ያልፋል? ይሉኝታ ያለበት ሰው፣ ይህን የምለው ለፌዝ አይደለም፣ ለኮንትራክተር ይስጥ። ቤተሰቡም ሰርቪሱ ውስጥ ገብቶ የቤት ኪራይ ሲቀርለት፣ ዋናው ቤት በጥድፊያ አይሠራም።

ማጠናቀቂያው ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱ መምራት ይችላል፤ መምራትም አለበት። ሥራው ይታያል፣ ከተበላሸ ይነቀላል፣ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ በሰፊው ይለያያል፤ ጣዕሙም የሚኖርበት ሰው ነው። ኮንትራክተር በዚህ ክፍል የሚያተርፈው ባለቤቱ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር በሚጽፈው ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ባለቤትም ሐሳቡን መቀየሩ አይቀርም። ጥንቃቄው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ቱቦውና የቧንቧው መስመር ከልስን በፊት አልቆ፣ ቧንቧው በግፊት ተፈትኖ፣ እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ። ከዓመታት በኋላ ካቢኔ ሊሰቅል ግድግዳ የሚበሳ ሰው ያንን ፎቶ ይፈልገዋል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት ውኃ የማያስገባው ቅብ ተቀብቶ፣ ውኃ ተሞልቶበት ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ሁለት ወረቀት አይቅር። አንዱ የሥራ ዝርዝርና መጠን ነው፤ ምን ያህል ካሬ ሜትር ግንብ፣ ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፣ ስንት ኪሎ ፌሮ የሚለው። ይህ ከሌለ የሁለት ግንበኞችን ዋጋ ማወዳደር ስም ከስም ማወዳደር ነው። ሌላው የክፍያ ሠንጠረዥ ነው። ክፍያ በቀን ወይም በበዓል መቃረቢያ ሳይሆን በሥራ ደረጃ ይሁን፤ ግሬድ ቢም ሲያልቅ፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ጣሪያ ሲመታ። ለግንበኛው የፋሲካ ወጪ ብሎ ያልተሠራ ሥራ ክፍያ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ከበዓሉ በኋላ ግን ግንበኛውን ሌላ ሳይት ላይ ነው የምታገኙት። የሶሌታ ዕለት በግ ማረድ ከፈለጋችሁ እረዱ፤ እሱ ከሒሳቡ ውጭ ነው።

ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ያህል በመያዣነት ቢቆይ ጥሩ ነው። ይህ መያዣ ቤቱ ባለቀ ዕለት ሳይሆን አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይለቀቅ፤ ጣሪያው ማፍሰሱ፣ አሸንዳው መጥበቡ፣ የግቢው ውኃ ወደ መሠረቱ መዞሩ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መያዣ አልቀበልም የሚል ግንበኛ ካጋጠመ በዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ ማግባባት ይቻላል። ያንንም እምቢ ካለ ሌላ ግንበኛ መፈለግ ነው።